ለጅቡቲ መስመር አዲስ ሹፌር፦ ከጭነቱ ሌላ ያለው ጉዳይ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር የተሳቢ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ከደሴ በሐረጎ ወረደና ኮምቦልቻ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ጅቡቲ መስመር ልገባ ነው፤ ምን ምን ልያዝ?» አለኝ። ስለ ሰነድ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ሸራ አስተሳሰር እንድነግረው ነበር የፈለገው። እሱን ስምሪት ክፍሉም፣ ወረፋ ላይ ከፊቱ የሚቆመው ሹፌርም ይነግሩታል። እኔ አቦሉ ተቀድቶ በረካው እስኪደርስ የነገርኩት ሌላ ነው፤ እዚህም የምጽፈው እሱኑ ነው። በ19 ዓመት ምልልስ ከጭነቴ አንድ ኩንታል ጎድሎብኝ አያውቅም፤ ከቤቴ ግን ብዙ ነገር ጎድሎብኛል።

ውጭ አገር ሄደ ሲባል በእኛ ዘንድ የሚታሰበው ጅዳ፣ ኩዌት፣ ቤሩት ነው። ሹፌርን የውጭ አገር ሠራተኛ የሚለው የለም። ስንወጣ አይለቀስልንም፣ ስንመለስ በግ አይታረድልንም። ማክሰኞ ባቲን አልፈን ሐሙስ ባሕር ዳር እናድራለን (ከተማዋን ማለቴ አይደለም፣ የጨው ውሃውን ዳር ነው)፤ ሰነባብተን ደግሞ ኮምቦልቻ ሱቅ በር ላይ እንታያለን። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ስለሚያልፍ ስብሰባ ላይ «የኢኮኖሚው ደም ሥር» ይሉናል። ደም ሥር ሚስትና ልጅ የለውም፤ እኛ አለን።

ቀን አትንገር፣ ከተማ ንገር

አዲስ ሹፌር ሁሉ የሚሠራት ስህተት አለች። ሚስቱ «መቼ ትመለሳለህ?» ስትለው «እሁድ» ይላታል። በዚህ መስመር እሁድ የሚባል ነገር የለም። መርከቡ ካልተራገፈ ትጠብቃለህ፤ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው (ትራንዚተሩ) ወረቀት ካላደረሰ ትጠብቃለህ፤ ድንበሩ ጋላፊ ላይ ሲስተም ጠፋ ከተባለ ትጠብቃለህ። አምስት ቀን ብዬ ወጥቼ አሥራ አራት ቀን የቆየሁበት ጊዜ አለ። ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ እሁድ እመጣለሁ ብያት ቀረሁ። የዒድ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ስትጠብቅ ውላ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት አሉኝ። በሳምንቱ ስመጣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ «አባዬ፣ ያንተ እሁድ ስንተኛው ቀን ነው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቀን መንገር ተውኩ። በአሮጌ ካርቶን ጀርባ ላይ መንገዱን ሣልኩላት፦ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ጋላፊ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ዲኪል፣ ከዚያ መኪኖች ወረፋ የሚጠብቁበት ፒኬ 12፣ መጨረሻው ዶራሌ ወደብ። ካርቶኑ ማድ ቤት በር ጀርባ ተሰቀለ። ከየከተማው ስደውል እሷ መርፌ ቁልፉን ነቅላ ወደፊት ትተክለዋለች። አባቷ «የለም» ከመባል «ሰርዶ ነው» ወደ መባል ተዛወረ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ልጅ ግን የት እንዳለህ ካወቀ መዘግየትህን ይችለዋል። ካርቶኑ አሁን ለሦስተኛው ልጅ ደርሷል፤ ሎጊያ ላይ ቀዳዳው ሰፍቶ መርፌው አይቆምም።

ቀጠሮ ስትይዝ የሰዓቱን ነገር አትርሳ። የጅቡቲ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያያል። የወደቡ ሰው «ስምንት ሰዓት» ካለህ የጠዋቱ ሁለት ሰዓታችን ነው። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ምሳዬን በልቼ፣ ተዝናንቼ በእኛ ስምንት ሰዓት ሄጄ ወረፋዬ አልፎ ሁለት ቀን አድሬአለሁ። ዓርብ ደግሞ የመንግሥት ቢሮ ዝግ ነው፤ ሐሙስ ካልጨረስክ አብሽር ብለህ ተቀመጥ።

ስልክ ሲሞት

የእኛ ሲም ከጋላፊ ወዲያ አያወላዳም፤ የጅቡቲ ሲም አውጣ። ብዙ ማውራት ስለማትችል ከቤት ጋር ምልክት ይኑራችሁ። እኛ ቤት አንድ ሚስኮል «ደህና ነኝ» ነው፤ ሁለት ተከታታይ ሚስኮል «ዋይፋይ አግኝቻለሁ፣ ኢሞ ክፈቱ» ነው። ሦስት ማለት መኪናው ተበላሽቷል፣ ግን እኔ ደህና ነኝ። ይህን ለእናትህም አስተምራት፤ የእኔ እናት ሦስቱንም አንድ ላይ አድርጋ «ልጄ ሰላም ብሎኛል» ነበር የምትለው።

ይህ ሁሉ መስመሩ ሲሠራ ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ እኔ ዶራሌ ስንዴ ለመጫን ተሰልፌ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ስልኩ ጸጥ አለ። ከባቲ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ውጊያ ነበር፤ ወደ ቤቴ የሚያስገባ ሌላ መንገድም አልነበረም። ከተሞቹ እስኪለቀቁ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ፣ የባለቤቴንና የልጆቼን ድምፅ አልሰማሁም፤ መጀመሪያ ላይማ ይኑሩ አይኑሩም አላውቅም ነበር። ጅቡቲ የነበርነው የወሎ ሹፌሮች ማታ ማታ አንድ ተሳቢ ሥር ተሰብስበን ስልካችንን መሐል ላይ እንደ ዕጣን ማጨሻ አስቀምጠን እናየዋለን። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የባለቤቴ አክስት ልጅ ከጅዳ በኢሞ ደወለችልኝ። ሸሽቶ ደብረ ብርሃን የደረሰ ጎረቤታችን ለእሷ ደውሎ «ቤቱ አለ፣ ሰዎቹ አሉ» ብሏት ነበር። አራት ቃል። እነሱን አራት ቃላት ይዤ ሌላውን ሁሉ ጊዜ ኖርኩ።

በኋላ የሰማሁት ደግሞ ከዚያ ይበልጥ አሳፈረኝ። ደመወዜም አበሌም የሚገባው በእኔ ስም ብቻ በነበረ የባንክ ደብተር ነው። ባንኩ ሲዘጋ ባለቤቴ እጅ ላይ የነበረው የስምንት ቀን አስቤዛ ነበር። ልጆቼ የበሉት የጎረቤትና የእድርተኛ እህል ነው።

ስለዚህ ለአንተ የምልህ ይህ ነው። በሚስትህ ስም ሌላ ደብተር ክፈት፤ ከደመወዝህ ግማሹ በየወሩ በቀጥታ እዚያ ይግባ። የአንድ ወር አስቤዛ በጥሬው ቤት ይቀመጥ፤ የት እንደሚቀመጥ እሷ ትወቅ፣ አንተ ባታውቀውም ምንም አይደለም (እኔ እስካሁን አላውቀውም፣ ፈልጌም አላገኘሁትም)። እህል ሳይጎድል ተካ። ከዚያ ሁለት የመገናኛ ሰዎች ምረጥ፤ አንድ ከወሎ ውጭ ያለ፣ አንድ ከአገር ውጭ ያለ። ስልክ ሲቋረጥ ሁለታችሁም ወሬ የምታደርሱት ለእነሱ ነው። ቁጥራቸውን ስልክ ላይ ብቻ አትመዝግብ፤ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፍና አንዱን ጋቢና የፀሐይ መከላከያው ሥር፣ አንዱን ቤት ቁርዓኑ ወይም መጽሐፉ ውስጥ አድርግ።

ኪስህና የጎረቤት ትእዛዝ

የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177 ከምናምን የታሰረ ስለሆነ ዓመት ከዓመት እዚያው ነው። የሚንቀሳቀሰው የእኛ ብር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህማ አምና የሠራው የምሳ ስሌት ዘንድሮ አይሠራም። አበልህን ከመውጣትህ በፊት ለሦስት ክፈለው፦ የመንገድ ምግብ፣ የጅቡቲ ቆይታ፣ የማይነካ። የማይነካው ለጎማና ለሕመም ነው። አንድ ነገር ልምከርህ፦ እዚያ ውሃ ስትገዛ ዋጋውን ወደ ብር አትመንዝረው። ከመነዘርከው አትጠጣውም፣ ካልጠጣኸው ትወድቃለህ።

ሥራ መጀመርህ እንደተሰማ ሰፈሩ ሁሉ ማዘዝ ይጀምራል። «እንግዲህ መሄድህ ካልቀረ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሽቶ፣ የዱቄት ወተት፣ ዳይፐር፣ የሞባይል ቀፎ። እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ያጎረሱህ፣ የመረቁህ እናቶች ናቸው። እኔ የለመድኳት መልስ አለች፦ «እማማ፣ መኪናው የእኔ አይደለም። ከሰነዱ ውጭ አንድ ካርቶን ቢገኝ እኔም መኪናውም ጭነቱም እንታሰራለን። ተምር ግን አመጣልዎታለሁ።» ተምሩን ደግሞ ሳትረሳ አምጣ። ግማሽ ኪሎ ተምር ያመጣ ሰው ሽቶ ባለማምጣቱ አይታማም። መንገድ ላይ «ይህችን ዕቃ ለእከሌ» የሚልህን ግን በተምርም አትለፈው፤ ያላየኸውን፣ የታሸገ ነገር አትቀበል።

መንገድ ላይ የምታያቸው ልጆች

ይህን ማንም ስለማይነግርህ ልንገርህ። ከሰርዶ ወዲያ፣ በተለይ ዲኪልን አልፈህ፣ በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች ታያለህ። ወደ ኦቦክ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ብዙዎቹ የእኛው ናቸው። ስትቆም በአነጋገራቸው ታውቃቸዋለህ። አንዱን «የማን ልጅ ነህ?» ብለው «ከወረባቦ ነኝ» አለኝ፤ ነጠላ ጫማው በገመድ ታስሯል፤ ዕድሜው ከመካከለኛዋ ልጄ አይበልጥም።

ጋቢና ማስገባት አትችልም። ድንበር አካባቢ ያለ ወረቀት ሰው ይዘህ ከተገኘህ በሰው አዘዋዋሪነት ነው የምትከሰሰው፤ «አዝኜ ነው» ብትል የሚሰማህ የለም። ውሃ ግን ስጥ። እኔ ከራሴ ውሃ ሌላ ለእነሱ ብቻ የሚሆን አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዤ ነው የምወጣው፤ በሶም ካለ እጨምራለሁ። የወላጁን ስልክ የሚያስታውስ ካለ ቁጥሩን ተቀብለህ ከሎጊያ ደውልለት። «ልጅዎን በዚህ ቀን እዚህ ቦታ አይቼዋለሁ፣ ቆሞ ይሄዳል» ብለህ። ሌላ የምትጨምረው የለህም። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እንቢ ይልሃል፤ ይለኛል እኔንም፣ እስካሁን።

ገላህ

ከኮምቦልቻ እስከ ወደቡ ከ1,800 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ጆሮህ ይደፈናል፣ ሹራብህን ባቲ ላይ ታወልቃለህ፣ ሚሌ ላይ ሸሚዙን። ሐምሌ እኛ ጋ ዝናብ ሲያወርድ ጅቡቲ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ንፋስ አሸዋ ይዞ ይነሳል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ይቆያል። መስመሩን ያስተማረኝ ሰው የአሰብ ሹፌር ነበር። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ጭነቱ ሁሉ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ሲዞር እሱም አብሮ ዞረ። «ሲጠማህ ከጠጣህ ዘግይተሃል» ይለኝ ነበር። ሽንትህን እያየህ ጠጣ፤ ቀለሙ እንደ ሻይ ከጠቆረ ውሃ አንሶሃል። የኩላሊት ጠጠር ብዙ ሹፌር የሚያሰቃየው ወዶ አይደለም። ጀሪካንህን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ንፋሱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ከፋርማሲ የኦ አር ኤስ ፓኬት ያዝ፤ አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፣ በጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ የሚበጠብጡትን አትከተል። ረዳትህ ላቡ ቆሞ መዘባረቅ ከጀመረ ሙቀቱ መትቶታል፤ ጥላ ሥር አስተኝተህ ልብሱን አራግፈህ በውሃ አርሰው፣ አራግብለት፣ ወዲያው ወደ ሐኪም። ሱሪ እዚያ ቅጣት ነው፤ ሁለት ሽርጥ ያዝ።

ምግብ፦ እንጀራ በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን አይቆይም፤ ድርቆሽ አስደርቅ። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ቋንጣ ጥሩ ናቸው። ቅቤ አትያዝ፣ ዘይት ሆኖ ልብስህ ላይ ታገኘዋለህ። አፋር መንገድ ላይ የሚሸጠውን የግመል ወተት ያላፈላኸው ከሆነ ተወው፤ ቆላ የምትወርደው ለሥራ እንጂ ሆድህን ይዘህ ለመሮጥ አይደለም። ጅቡቲ ከተማ ከገባህ አንድ ቀን ለራስህ ዓሣ ጋብዝ፤ በየመኖች አሠራር ከሁለት ተሰንጥቆ እሳት ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ፣ ከሰፊ ቂጣ ጋር። ረዳቴ ክርስቲያን ነው፤ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከጋላፊ እስከ ዲኪል ከራሱ ጋር ተከራክሮ፣ ሽታው ሲደርሰው ተሸንፎ ያውቃል። እኔ በረመዳን እንዲህ ነበርኩ፦ በጀመርኩበት ዓመት በዚያ ሙቀት ጾሜ ስነዳ አዞረኝና ዳር ይዤ ቆምኩ። ቤት ስመለስ ሸኻችን ተቆጡኝ፦ «መንገደኛ እንዲያፈጥር አላህ ፈቅዶለት አንተ ማን ነህ?» አሉኝ። አሁን በመንገድ አፈጥራለሁ፣ ኮምቦልቻ ስሆን ያልጾምኩትን ቀን ጾሜ ቀዷውን አወጣለሁ።

እንቅልፍ፦ ተሳቢ ሥር የምትተኛ ከሆነ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ይሁን፣ መሪው ላይም ጨርቅ እሰር፤ አንተ ሥር መሆንህን ረስቶ ረዳትህ ወይም ሌላ ሰው መኪናውን እንዳያንቀሳቅስ። አጎበር አትርሳ። አንዱን ጫፍ ስፖንዳው ላይ፣ አንዱን የመስታወቱ ክንድ ላይ ታስረዋለህ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ የምትማረው ልጄ (ያቺው የእሁዷ ልጅ) ናት ያስረዳችኝ፦ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል የወባ ትንኝ ጅቡቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከታየ ወዲህ ወባው ከተማ ገብቷል። ረግረግ አይፈልግም፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ይፈለፈላል። ወደብ ዳር ወባ የለም የሚሉህን አትስማ። ከተመለስክ በኋላ ካተኮሰህ ጉንፋን ነው ብለህ አትተኛ፤ ጤና ጣቢያ ሂድና መጀመሪያ የምትናገረው «ከጅቡቲ ነው የመጣሁት» የሚለውን ይሁን።

ጫት

ጅቡቲ ጫት የተፈቀደ ነው፤ ከእኛው አገር በየቀኑ ይገባል፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከተማው ሁሉ ጉንጩ ያብጣል። ወሎ ያደገ ሰው ስለ ጫት ልመክረው አልሞክርም፤ እኔም ጫት እየተቃመ ዱዓ ከሚደረግበት ከሐድራ ቤት ነው የወጣሁት። ግን የሐድራ ጫትና የመሪ ጫት አንድ አይደሉም። በአራተኛው ዓመቴ ሁለት ሌሊት በምርቃና ነድቼ በሦስተኛው፣ ዲቾቶን ሳልፍ፣ ዓይኔ ተከፍቶ ተኛሁ። መንገዱን አያለሁ፣ ግን የለሁም። የነቃሁት አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሬ ነው። መሬቱ ሜዳ ባይሆን ይህን አልጽፍም ነበር። ምርቃና እንቅልፍን አያባርረውም፤ ያቆየዋል፣ ከዚያ ከነወለዱ ያስከፍልሃል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (መጠጥ) የሚገቡት ደግሞ ጠዋት መሪ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ዕዳ ይዘው ነው። ደከመህ? ሰርዶም ይሁን በረሃ፣ ዳር ይዘህ ሁለት ሰዓት ተኛ። አለቃህ ቢጮህ ይጩህ።

መንገድ ላይ ስላለው ሴትና አልጋ ብዙ አልልም፤ ትልቅ ሰው ነህ። ከሚስትህ ጋር በየስድስት ወሩ አብራችሁ ተመርመሩ። እኛ ቤት ይህን ያነሳችው እሷ ናት። መጀመሪያ ከፋኝ፤ «ጠርጥረሽኝ ነው?» አልኳት። «አንተ የጎማ ንፋስ የምትለካው ጎማውን ጠርጥረህ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

መርዶ

እናቴ ደሴ ሮቢት ነበረች። የዛሬ ስምንት ዓመት እኔ ፒኬ 12 ወረፋ ላይ ሳለሁ ሞተች፤ በእኛ ደንብ በዚያው ቀን ተቀበረች። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ዘጠኝ ቀን። በደወልኩ ቁጥር «እማዬስ?» እላለሁ። «ተኝታለች» ይሉኛል፤ «ጎረቤት ሄዳለች» ይሉኛል። ባለቤቴ ድምፅዋ ሲሰበር «ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው» ብላኛለች። እናቴ ጥርስ ስላልነበራት ለስላሳውን ተምር መርጬ ገዛሁ። ሌሊት ኮምቦልቻ ገባሁ። ከሱብሒ በኋላ አጎቴና ሁለት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው አየሁ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ቤትህ ከተቀመጠ የምትጠይቀው ነገር የለም፤ ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

በመደበቃቸው አልተቀየምኩም፤ መርዶ ሰምቼ ያን ሁሉ ቶን ይዤ ዳገት እንድወጣ አልፈለጉም። ያንገበገበኝ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት በስልክ የሳቅኩት ሳቅ ነው። ስለዚህ ከቤተሰቤ ጋር ስምምነት አደረግን፣ አንተም አሁን፣ ሁሉም ደህና ሳለ አድርግ። ነጋሪው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ለእኔ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ለእኔ አይደውልም፣ ለረዳቴ ነው የሚደውለው። ረዳቴ መኪናው ቆሞ፣ ከተማ ውስጥ መሆናችንን ያያል፤ ቁልፉን ከእጄ ይወስዳል፤ ከዚያ ይነግረኛል። ሌላ ሹፌር ሳይገኝ ከዚያ አንነሳም። አማቴ ሲሞት እንዲህ ነው የተደረገው፤ ሎጊያ ሻይ ቤት በር ላይ። ለቅሶዬን ሎጊያ ጀመርኩ፤ የማላውቃቸው ሰዎች አብረውኝ ተቀመጡ፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ቡና አፈላች። ቀብሩ አልደረሰልኝም። ግን በስልክ የሳቅኩት የውሸት ሳቅ የለም።

እድርህንም አስብበት። ቀብር ባለመገኘት ቅጣት መክፈል ቀላል ነው፤ ሰው ግን ቅጣት በከፈለ ሰው ቀብር አይሮጥም። ለዳኛው ሥራህን ንገረው፣ ባለህበት ቀን ደግሞ አካስ። እኔ ከተማ ካለሁ ድንኳን ተካይ እኔ ነኝ፣ ወንበር ጫኚም እኔ ነኝ።

ስትገባ

ከሁሉም የከበደኝ መመለሱ ነበር። ለዓመታት ቤት በገባሁ በሰዓቱ ውስጥ አምፖሉ ለምን ተቃጠለ፣ ልጁ ለምን 60 አመጣ፣ ይህ ወንበር ለምን እዚህ ዞረ እያልኩ እዞራለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ስማ፣ ጋላፊ አደረግከው እኮ ቤቱን! ሻንጣችንንም እንክፈትልህ?» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ገባኝ። ያ ቤት እኔ በሌለሁበት በራሱ ሥርዓት ይሄዳል፤ እኔ እንደ ፈታሽ ስገባ ሥርዓቱ ይቆማል።

አሁን የምከተለው እንዲህ ነው። ከመግባቴ በፊት ባቲ ላይ እደውላለሁ፤ ሰኞ ከሆነ ገበያው መንገዱን ስለሚሞላው ሁለት ሰዓት እጨምርበታለሁ። ስገባ እታጠባለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምንም ጥያቄ የለም፣ ምንም ቁጣ የለም፣ ምንም ጥገና የለም። በሁለተኛው ቀን ቡና ላይ እሷ የሆነውን ትነግረኛለች፤ አስተያየት የምሰጠው ስጠየቅ ነው። ልጆቹን የቀጣቻቸውን ቅጣት አልሽርም። አባት ሲመጣ ሁሉ የሚፈቀድ ከሆነ እናት እያደር ጨካኝ ትሆናለች፤ ይህንንም የነገረችኝ እሷ ናት።

የቁልፉ ነገር ደግሞ አለ። ትንሿ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። አምና ልወጣ ስል የመኪናው ቁልፍ ጠፋ። ስምሪት ይደውላል፣ ረዳቴ በር ላይ ይጠብቃል፣ ቤቱ ተገለባበጠ። ከግማሽ ቀን በኋላ ሽሮ ዕቃ ውስጥ ተገኘ። አልቆጣኋትም። ከዚያ ወዲህ ስገባ ቁልፉን ለእሷ አስረክባለሁ፤ የት እንደምታስቀምጠው እሷ ናት የምታውቀው። ስወጣም የምትሰጠኝ እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዓት ሙሉ አስለምናኛለች፤ ወረፋዬም አልፎኛል።